የሞሪን ቤት ስንት ሰው ይኖርበታል?

ሊያን በጓሮ በር ስትገባ እናቷን ያገኘቻት ኩሽና ወለል ላይ ነው። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷን ሁለቴ ኦፕራሲዮን የተደረገች ሴትዮ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ጀርባዋን ለልብስ ማጠቢያው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ወተት የበዛበት ሻይ ይዛለች፤ የሌላውን እጇን ጣት ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ ትላታለች። ከፊት በኩል በሩ ይንኳኳል። የተናደደ ሰው ማንኳኳት አይደለም። ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ፣ ትንሽ ፋታ፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ለማንኳኳት የሚከፈለው ሰው እጁን አያሳምምም።

ሞሪን የደወለችላት ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነበር። ሰውየው መጥቷል፣ በጓሮ ነይ፣ የፊቱን በር እንዳትነኪ፣ ስትመጪ ዳቦ ያዢ፣ ብላ ዘጋችው። የትኛው ሰውዬ እንደሆነ አልነገረቻትም። ሊያን ሌባ መስሏት ፀጉሯን ሳታበጥር የሥራ ሸሚዟን አጥልቃ በረረች። ሰማያዊቷን ትንሽ መኪና ከቤቱ ፊት ለፊት ገተረቻት፤ በር ላይ የቆመውን ጃኬት ለባሽ ገላመጠችው፤ ከዚያ ከረድፉ ቤቶች በስተጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ በቆሻሻ ባልዲዎች መካከል ዞራ ገባች። እናቷ ታዲያ ከወለሉ ላይ ሆና መጀመሪያ የጠየቀቻት ዳቦው የት አለ ብላ ነው።

ዝቅ በይ አለቻት ቀጥላ፤ በደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ አጮልቆ ያያል። ሊያን ዝቅ የምትል ሰው አይደለችም፤ ከማንም ተደብቃ አታውቅም። ቆማ ምንድነው ነገሩ ብላ ጠየቀች። ሞሪን በሹክሹክታ፣ እንደ ኑዛዜ እየቆራረጠች ነገረቻት። ሰውየው የዕዳ አስፈጻሚ ነው። ዕዳው የቤት ግብር ነው። ዕዳው ግን እሁድ ዕለት ተከፍሎ አልቋል፤ ስለዚህ መምጣት አልነበረበትም፤ ቢመጣም እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ በሩን ካልከፈትንለት ደግሞ ሰብሮ መግባት አይችልም፤ ጎረቤታቸው ክሊፎርድ አጣርቷል። ክሊፎርድ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ሕጉን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የተማረ ሰው ነው። የፊቱ በር ላይ በላስቲክ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ የጻፈላትም እሱ ነው፤ ይህን ደጃፍ ያለፈቃድ የረገጠ በየእርምጃው አንድ ሺህ ፓውንድ ይቀጣል ይላል። አስፈጻሚው እስከ መጨረሻው ቆሞ አነበበውና አንኳኳ።

ሊያን የፎጣ መሳቢያውን ከፈተች። እናቷ የማትወደውን ነገር የምታስቀምጥበትን ቦታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አሥራ አራት ፖስታ ነው፤ ዘጠኙ አልተከፈተም። የማዘጋጃ ቤቱን የመጀመሪያ ደብዳቤ አውጥታ ስታነብ እሷም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ከሞቱ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሞሪን ብቻዋን የምትኖር ስለሆነች ማዘጋጃ ቤቱ ከግብሩ ሩቡን ይቀንስላት ነበር። ደብዳቤው እንደሚለው ግን ብቻዋን አይደለችም። ልጇ ክሬግ በባንክም፣ በመራጮች መዝገብም፣ በሥራ ቦታውም በዚህ አድራሻ ተመዝግቦ ተገኝቷል። ስለዚህ ቅናሹ ተነስቷል፤ የሁለት ዓመቱም ወደኋላ ተቆጥሮ ሰባት መቶ አርባ ፓውንድ ይከፈል። አልተከፈለም። ፍርድ ቤት ተጠራች፤ አልሄደችም። የፍርድ ቤቱ ወጪ ዘጠና አምስት ተጨመረ። ከዚያ ወረቀቱ ወደ አስፈጻሚዎቹ ድርጅት ተላለፈ።

ክሬግ በነዚያ ዓመታት እዚህ ቤት አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ የሚኖረው ከሴት ጓደኛው ከበርኒ ጋር ነው፣ ከአሣ ፋብሪካው ማዶ። ይህንን መንደሩ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ነው።

ለምን አልነገርሽኝም አለች ሊያን። ሞሪን ሻይዋን ፉት ብላ ግድግዳውን አየች። አንቺ ትጮሂያለሽ አለቻት። እና እሁድ ዕለት፣ ከአስፈጻሚዎቹ ጋር ፊት ለፊት ላለመገናኘት፣ ክሊፎርድ እንደመከራት ስምንት መቶ ሠላሳ አምስቱን ፓውንድ በስልክ በቀጥታ ለማዘጋጃ ቤቱ ከፈለች። ከየት አምጥታ ነው ለሚለው፣ ለቀብሯ ካጠራቀመችው ነው። ለነሱ አንድ ሳንቲም አትስጫቸው፣ ባለገንዘቡ ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ እሱ ከተከፈለ የነሱ ሒሳብ በራሱ ይጠፋል፣ ብሎ ነግሯታል ክሊፎርድ። እዚህ አገር ይህን ምክር ያልሰማ፣ ሰምቶም ያላመነ ሰው የለም። ስንቱ አምኖ ጉድ ሆኗል።

በዚህ መሐል ማንኳኳቱ ቆመ። ሞሪን ሄደ ብላ ፈገግ አለች። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ። ሊያን ተስፈንጥራ በሳሎኑ መጋረጃ ስታይ ሰውየው በርከክ ብሎ መኪናዋ እንዳትንቀሳቀስ የፊት ጎማዋ ላይ ቢጫ ብረት እያሰረ ነው። ወደ በሩ ስትሮጥ እናቷ ከኋላዋ በሩን እንዳትከፍቺ፣ እግዚአብሔርን፣ በሩን እንዳትከፍቺ እያለች እየዳኸች ነው። ሊያን ከንፈሯን ነክሳ ተመለሰች፤ በጓሮ ወጥታ፣ በባልዲዎቹ መካከል ሮጣ፣ ስድስት ቤት ዞራ፣ ላቧ ጠብ እያለ ደረሰች።

ሰውየው አምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ፂሙን በንጽሕና የተላጨ፣ ደረቱ ላይ ትንሽ ካሜራ የሰካ፣ ድምፁ የሚያበሳጭ ጨዋ ነው። ዳረን እባላለሁ ብሎ መታወቂያውን አሳያት። ዕዳው ተከፍሏል ብላ ጮኸችበት። እሱም አዎ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ተከፍሏል፣ የቀረው የኛ ነው አላት፤ ወረቀቱ እጃችን ከገባ በኋላ ስለተከፈለ ክፍያችን አይሰረዝም። ደብዳቤ ስለላክን ሰባ አምስት ፓውንድ፣ በር ድረስ ስለመጣን ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት። ሦስት መቶ አሥር።

"በር ድረስ ለመምጣት ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት? ከየት ነው የመጣኸው፣ ከለንደን በእግርህ?"

"ዋጋውን ያወጣው ሕጉ ነው እህቴ፣ እኔ አይደለሁም።"

"መኪናዋ የሷ አይደለችም።"

ዳረን ስልኩን ተመለከተ። "በወይዘሮ ሞሪን ስም ነው የተመዘገበችው። የሌላ ሰው ነች ካልሽ የግዢ ወረቀትና ኢንሹራንሱን አምጪልኝ፤ አሁኑኑ እፈታታለሁ። ለሥራ የምትውል ከሆነችም አይተን እንተዋታለን። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።"

 መኪናዋን የገዛችው ሊያን ናት፣ ዘጠኝ መቶ ፓውንድ፣ በየወሩ እየቆጠበች። ኢንሹራንስ ስትጠይቅ ግን በሷ ስም በዓመት ሁለት ሺህ ምናምን አሏት፤ በእናቷ ስም ስድስት መቶ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ዋናዋ ነጂ ሞሪን ናት፤ ሊያን አልፎ አልፎ የምትነዳ ልጅ። ያን ወረቀት ደረቱ ላይ ካሜራ ለሰካ ሰው ልታሳይ አትችልም። ወረቀቱን እንደማታመጣ ሲያይ ሰውየው ራሱን ነቀነቀና፣ የሚወስዳት የጭነት መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ከዚያ በፊት በካርድ ብቻ እቀበላለሁ፣ ጥሬ ገንዘብ አንይዝም፣ ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሳንድዊቹን ፈታ።

ሊያን ሥራዋ እየዞሩ ሽማግሌና አሮጊት መንከባከብ ነው። ስምንት ሰው አላት፤ ታጥባለች፣ መድኃኒት ታስውጣለች፣ ገንፎ ታሞቃለች፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ትነዳለች። መኪና የሌለው ሰው ይህን ሥራ አይሠራም። አለቃዋ ጋ ስትደውል የሰማችው ረጅም ትንፋሽ ነው፤ የጠዋቱን ዙር ላንቺ ብዬ ለሌላ ሰጥቻለሁ፣ የከሰዓቱን ግን ካልደረሽ ሁልጊዜውም የሌላ ይሆናል አለቻት። ባንክ ያላት አርባ አንድ ፓውንድ ነው። ደመወዝ ዓርብ ነው፤ ዛሬ ማክሰኞ።

በአውቶቡስ ሄደች። ማዘጋጃ ቤቱ የክፍያ ክፍሉን ከዘጋው ቆየ፤ አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ የልጆች መጽሐፍ ካለበት አጠገብ፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ነው የቀረው። ሦስት ሰዓት ላይ ሲከፍት አሥራ ሰባት ቁጥር ደረሳት። ከጎኗ ሕፃናት በክብ ተቀምጠው ስለ ዳክዬ ይዘምራሉ። በአራት ሰዓት ከሩብ ተጠራች። ሠራተኛዋ ፓርሚንደር ትባላለች፤ ደክሟታል፣ ግን ሰው ነች። ኮምፒውተሩን አይታ አዘነች፤ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ መልስ ሰጥታችሁ ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር አለች፤ ያንን ሊያን ራሷም ታውቀዋለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መውጫ እንዳለ ነገረቻት። ወንድሟ እዚያ ቤት እንዳልኖረ ፎርም ላይ ከፈረመ ቅናሹ ይመለሳል፤ ዕዳው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ይሆናል። ፎርሙን ፎቶ አንስታ ከላከችላት አሁኑኑ አስፈጻሚዎቹን ትመልሳቸዋለች፤ ክፍያቸውም ይሰረዛል፣ የእናቷም ስምንት መቶ ሠላሳ አምስት ይመለሳል።

"ይኸው ነው? መፈረም ብቻ?"

"መፈረም፣ እና እዚህ ጋ በነዚያ ሁለት ዓመታት የት ይኖር እንደነበር መጻፍ። አድራሻውን። የት እንደኖረ ካልጻፈ አይሠራም፤ ሰው አንድ ቦታ መኖር አለበት።"

ሊያን ፎርሙን አጥፋ ኪሷ ከተተች። በርኒ ቤት እስክትደርስ በልቧ ክሬግን ስትሰድበው ሄደች፤ ያልነካችው የለም። የእናቱን አድራሻ እንደ ኮት መስቀያ የሚጠቀም። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ስሙን እንኳ ራሱ የማይሸከም። አሮጊት እናቱ ወለል ላይ ስትድህ እሱ እንቅልፉን የሚለጥጥ። ደርሳ ደረጃውን ስትወጣ ንግግሯ አልቆ ነበር፤ አፏ ውስጥ ተደርድሯል፣ መልቀቅ ብቻ ነው የቀራት።

ክሬግ የሕንፃ መወጣጫ ብረት ገጣሚ ነው፤ ነፋስ ስለሆነ ዛሬ ሥራ የለም። በውስጥ ሱሪ ተቀምጦ ባቄላ በተጠበሰ ዳቦ ይበላል። በርኒ ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ገና መግባቷ ነው፤ የፀጉር መሸፈኛዋን እንኳ አላወለቀችም፣ ቤቱ ሁሉ አሣ አሣ ይሸታል። ሁለት ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው። ሊያን የተደረደረውን ለቀቀችው። ክሬግ እያኘከ ሰማ። ስትጨርስ ፎርሙን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠች።

"እማዬ ራሷ ናት የኔን አድራሻ ተጠቀም ያለችኝ" አለ ክሬግ። "እኔ ለምኛት አይደለም። በርኒ እንዳትጎዳ ብላ።"

"እሷ መቼ እምቢ ብላን ታውቃለች?"

 በርኒ ወረቀቱን አንስታ ቆማ አነበበችው፤ በአሣ ሣጥን ላይ ያለ ጽሑፍ እንደምታነብ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ፊቷ ሳይለወጥ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስልኳ ላይ መደመር ጀመረች። እሷም ብቻዋን የምትኖር ሆና ነው የተመዘገበችው። አድራሻዋ ፎርሙ ላይ ከተጻፈ የግብር ቅናሹ ይነሳል፤ እሱ ትንሹ ነው። ለልጆቹ የሚከፈላት ድጎማ፣ ለቤት ኪራዩ የሚረዷት፣ ሁለት ዓመት ተኩል ወደኋላ ተቆጥሮ መልሺ ትባላለች። ቁጥሩን ወደ ሊያን አዞረችው። አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ።

"እናትሽ ስምንት መቶ፣ እኔ አሥራ አንድ ሺህ" አለች። "ሌሊቱን ሙሉ አጥንት ስለቅም ነው ያደርኩት። ማናችን እንክፈል?"

"የማይገባሽን አትውሰጂ ነበር።"

"እሺ፣ እመቤት ሊያን።" በርኒ የፀጉር መሸፈኛዋን አወለቀች። "ያቺ ሰማያዊ መኪና ታዲያ የማን ነች? ነጂዋ ሞሪን ነች አሉ። ያ የማይታጠፍ ጉልበቷ ፍሬን ይረግጣል? ፎርም መሙላት ከጀመርን ሁላችንም እንሙላ። የኢንሹራንሱ ስልክ ነፃ ነው፣ አርባ ደቂቃ ብቻ ነው ሙዚቃ የሚያሰሙሽ።"

ክሬግ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ በሳል ሸፈነው።   ሊያን የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። መንገድ ሙሉ የደረደረችው ስድብ አሁን እያንዳንዱ ስም ቀይሮ ወደሷ ይመለስባት ጀመር፤ የእናቷን ስም እንደ ኮት መስቀያ የሚጠቀም የሚለው በተለይ። ይህንን ክሬግ ፊት አታምንም፣ ብትሞትም አታምንም። ግን ፊቷ ነደደ።

በርኒ ደግሞ አሸናፊም አልመሰለች። ዓይኗን አሸች፣ ስልኳን አነሳች፣ የሊያንን የባንክ ቁጥር ጠየቀቻት። ሦስት መቶ አሥሩን ፓውንድ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠች አስተላለፈች። የልጆቹ የትምህርት ቤት ጉዞ ገንዘብ ነው አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው፤ አይሄዱም እንግዲህ። ክሬግ አንገቱን ደፍቶ የሳህኑን ዳር በዳቦ ይጠርጋል። ሊያን የምትለው ነበራት። የእናቴስ የቀብር ገንዘብ ልትል ነበር። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ ገንዘቡ ገብቷል። ተነሳች።

"ፎርሙን ተይው" አለች በርኒ።

ተወችው።

ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ዳረን የካርድ ማሽኑን አቀረበላት፣ ደረሰኝ ቆርጦ ሰጣት፣ በርከክ ብሎ ቢጫውን ብረት ፈታ፣ መልካም ቀን ተመኝቶላት ሄደ። እውነቱን ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም። ሊያንን ከሁሉም በላይ ያበገናት ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትሰድበው ሰው ታገኝ ነበር።

በጓሮ ገባች። ሞሪን አሁን ወንበር ላይ ናት፤ ልብሷን ቀይራለች፣ ሊፕስቲክ ሳይቀር ተቀብታለች። ክሊፎርድ ዳቦ አምጥቶላታል። ሰውየው እንደሄደ በመጋረጃው ቀዳዳ አይታለች፤ መኪናዋ መፈታቷንም አይታለች። ማን ከፈለ ብላ ጠየቀች።

ሊያን እውነቱን ልትነግራት አስባ ነበር የመጣችው። በርኒ ናት ብትል ግን ለምን በርኒ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከዚያ ፎርሙ ይመጣል፤ ከዚያ የቀብር ገንዘቡ እንደማይመለስ፤ ከዚያ እንዲመለስ ማድረግ እየተቻለ ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ጥላ የወጣችው ማን እንደሆነች። ሰዓቷን አየች። የመጀመሪያው ሽማግሌ ስድስት ተኩል ላይ ነው የሚጠብቃት።

"ክሬግ" አለች።

የሞሪን ፊት በራ። እንዲህ ሲበራ ሊያን ካየችው ዓመታት ሆኖታል፤ ለሷም በርቶላት የሚያውቅ አይመስላትም። አላልኩሽም አለቻት እናቷ። ስንቱን ስታወሪበት ነበር። ልጄን እኔ አውቀዋለሁ፣ አፉን አይከፍትም እንጂ ልቡ ወርቅ ነው። ብላ ስልኳን አንስታ ደወለችለት። ሊያን ቁልፏን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ክሬግ እዚያ ማዶ ምን እንደሚል መስማት ፈልጋ። የሚሰማው የእናቷ ድምፅ ብቻ ነው። ተባረክ ልጄ። አውቄው ነበር። አይ፣ እሷማ ምን ታደርጋለች፣ ስትጮህ ዋለች እንጂ። ምን አልክ? አሃ። ሞሪን ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ ሊያን ዞረች፤ ወንድምሽ አንቺንም አመሰግናለሁ ይላል አለቻት።

ሊያን የበሩን እጀታ ስታዞር በአእምሮዋ ታሰላለች፤ ቅናሹ ስላልተመለሰ ከዚህ ወር ጀምሮ እናቷ በወር ሠላሳ አንድ ፓውንድ ትጨምራለች፤ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ እዚህ ቤት ሁለት ሰው ይኖራል፣ እስከ መቼውም ሁለት ሰው ይኖራል። ይህንን ለእናቷ መቼ እንደምትነግራት አታውቅም። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ስትገፋ ግን፣ ቤቱ በመዝገብ የሁለት ሰው ሆኖ እንደሚቀር ሞሪን ራሷ እንደገባት ሰማች። ድምጿ ቀሎ፣ እየሳቀች፣ ግን ልመና ያለበት ሳቅ ነው።

"የላይኛውን አልጋ አንሶላ ለውጬልሃለሁ" ትላለች በስልኩ። "ከፍለንበታል እኮ ልጄ። አንዳንዴ እንኳ መጥተህ እደር።"